እናቴን በእግረኛ መንገድ ላይ ብስክሌት ገጫት፤ ባሕር ዳሮች፣ ምን ብናደርግ ይሻላል?

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ ጊዮርጊስ ታስቀድሳለች። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ወጥታ ከጎረቤታችን ጋር በሐይቁ ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ እያወጉ ይመለሱ ነበር። 3 ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ወጣት ከኋላቸው በብስክሌት መጣ። ደወል የለም፣ ድምፅ የለም። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። በሁለቱ መሃል ሾልኮ አልፋለሁ ሲል የብስክሌቱ መሪ የእናቴን ነጠላ ያዘው። ነጠላው ጎትቶ ጣላት። ስትወድቅ በእጇ ተደገፈችና የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ።

ልጁ ወዲያው አልሸሸም። ቆሞ "እማማ፣ ይቅርታ፣ አላየሁዎትም" ብሏል። ጎረቤታችን መጮህ ስትጀምርና ሰው ሲሰበሰብ ግን ደንግጦ ሄደ። እኔን ያንገበገበኝ የእናቴ ነገር ነው። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ የተሰበረ እጇን አቅፋ "አይዞህ ልጄ፣ እኔ ነኝ መንገድ የዘጋሁብህ" ትለው ነበር አሉ። የቱን መንገድ? የእግረኛ መንገድ እኮ ነው!

አሁን እጇ ጀሶ ውስጥ ነው። ቡና ስታፈላ ረከቦቱን የማቀርብላት እኔ ነኝ። "ከእንግዲህ በሐይቁ ዳር አልሄድም፣ በውስጥ ለውስጥ ይሻለኛል" ትላለች። ውስጥ ለውስጥ ማለት ኮብልስቶን ነው። ለጉልበቷ አይሆንም። ደግሞ ያን መንገድ ትወደዋለች። ሐይቁን እያየች መሄድ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

እኔም ብስክሌት ነጂ ነኝ። ይህን ሳልናገር ባልፍ አይሆንልኝም። የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ በየቀኑ ትምህርት ቤት የምሄደው በብስክሌት ነው። ያስተማረኝ አባቴ ነው፣ የ8 ዓመት ልጅ ሆኜ። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ። ሚዛኔን ጠብቄ መንዳት ስጀምር ወዲያው ብቻዬን አልለቀቀኝም። መጀመሪያ ሦስት ነገር አስጠናኝ። ሽማግሌ ካየሽ ውረጂና እየገፋሽ እለፊ። የተጫነ አህያ ካለ በጎኑ አትለፊ፣ አህያ መቼ እንደሚዞር አይታወቅም፣ ጭነቱም ይመታሻል። ደወልሽን ከሩቅ ደውዪ። ሰው ጀርባ ላይ ደርሰሽ የምትደውዪው ደወል ስድብ ነው ይለኝ ነበር። ነፍሱን ይማርና፣ አሁንም ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አህያ ሳይ ድምፁ ይሰማኛል።

ዛሬ የማየው ሌላ ነው። ዘንባባው መሃል ላይ ባለበት አስፋልት ዞሮ ላለመመለስ ሲባል በተቃራኒው አቅጣጫ ይነዳል። እግረኛው ዜብራ ላይ መኪና መቆሙን አይቶ ሲገባ ብስክሌቱ በቆመው መኪና ጎን ተስፈንጥሮ ይወጣል። ማታ መብራት የለም። ሁለት ሦስት ሆነው ጎን ለጎን እየተጫወቱ ይነዱና መንገዱን ይሞሉታል። አንዳንዱ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ መልእክት ይጽፋል። በዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ብስክሌት መጣ። ከባድ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ድምፅ ደግሞ የለውም።

እስኪ አስቡት። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንድ ሴኮንድ ከ5 ሜትር በላይ ይጓዛል። የእናቴ እርምጃ በሴኮንድ አንድ ሜትር አይሞላም። ዞር ብላ እስክታይ እሱ ደርሷል። "አላየሁዎትም" ያለው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን በዚያ ፍጥነት እዚያ ቦታ ምን ይሠራል?

ጥያቄዬ ይህ ነው። እንዲህ የሚነዳ ሰው ሲያጋጥማችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ስጮህባቸው ይስቃሉ ወይ ይሰድቡኛል። ሰሞኑን አንድ ጎረቤታችን "ብስክሌት የሚባል ነገር ከከተማው ይጥፋ" ሲል ሰማሁ፤ ያ ደግሞ ሌላ ሕመም ሆነብኝ። ብስክሌት እንዲጠፋ አልፈልግም። እናቴም በሐይቁ ዳር እንድትሄድ እፈልጋለሁ። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሁኑ?

ጠጋኙ

እግዜር ይማራት ልጄ። የአሮጊት አጥንት ቶሎ አይገጥምም፤ ሥራ እንዳታበዢባት።

እኔ ብስክሌት ስጠግን ነው የኖርኩት። ስለ ጠባይ ሌሎች ይንገሩሽ። እኔ ስለ ፍሬን ልንገርሽ፤ ሰው ይህን ነገር ይረሳዋል።

ወደ እኔ የሚመጣ ብስክሌት አብዛኛው ጎማ ፈንድቶ ወይም ሰንሰለት ተበጥሶ ነው። አልሄድ ስላለ ነው የሚያመጡት። አልቆም ስላለ የሚያመጣው ጥቂት ነው። ፍሬን ያልቃል፣ ልጁ በጫማው ሶል ጎማውን እየረገጠ ያቆማል፣ ይለምደዋል። አንዳንዱ የፊት ፍሬኑን ፈትቶ ይጥለዋል። "ፊት ለፊት ይገለብጠኛል" ይላል። ተሳስቷል። ስትይዢ ክብደትሽ ወደ ፊት ስለሚሄድ ከኋላው ይልቅ የሚያቆምሽ የፊቱ ነው። ቀስ ብለሽ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ነው።

ክረምት ደግሞ ሌላ ነው። ዝናብ ሲሆን ቸርኬው ላይ ውኃ ይቀመጣል። የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ውኃውን መጥረግ አለበት፣ ከዚያ ነው የሚይዘው። እስከዚያ ብስክሌቱ ይሄዳል። ስለዚህ በሐምሌ ፍሬን ቀድመሽ ትንሽ ትንሽ እየነካካሽ ነው የምትሄጂው። የፍጥነትም ነገር አለ። ፍጥነትሽ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዝሽ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልግሽ ቦታ እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አያምኑኝም። መሬት ላይ በጠመኔ አስምሬ፣ ቀስ ብለህ ናና ያዝ፣ አሁን ፈጥነህ ናና ያዝ እላለሁ። ያኔ ያምናሉ።

ቀላል ፈተና ላሳይሽ። ከብስክሌቱ ጎን ቁሚ። የፊት ፍሬኑን ጨምቀሽ ወደ ፊት ግፊው። የኋላው ጎማ ከመሬት ብድግ ካለ ፍሬኑ ጤነኛ ነው። የፊቱ ጎማ ከተንከባለለ አይነዳም። የኋላውን ጨምቀሽ ስትገፊው ደግሞ ጎማው መንሸራተት አለበት እንጂ መዞር የለበትም። ስትጨምቂው የፍሬኑ እጀታ መሪው ላይ ከተኛ ካቦው ላልቷል ማለት ነው። ማጥበቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ስል የሽማግሌ ወሬ እንዳይመስልሽ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ጣልያን በከፈለው የጦር ካሳ ነው የተሠራው፣ ከዚያ በኋላ ፖሊቴክኒኩ በ1955 ተከፈተ። ሠራተኛውም ተማሪውም ቀስ በቀስ ብስክሌት ያዘ። እኔ ልጅ ሆኜ የፋብሪካው ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በብስክሌት ይሞላ ነበር። ብስክሌቱ ከባድ የብረት ነው፣ ዲናሞው ከጎማው ጋር እየተፋተገ መብራቱን ያበራል። መንገዱ ሁሉ የዲናሞ ድምፅ ነበር። እና በአንድ መስመር፣ ቀኝ ቀኙን። አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ነው። አባቴ "ቀኝህን" እያለ በየመንገዱ ይቆጣኝ የነበረው ያ ነገር ገና ትኩስ ስለነበረ ይመስለኛል። አሁን ላለው ልጅ ቀኝህን የሚለው ማን ነው?

ፖሊ ግቢ

እህቴ፣ ለእናትሽ ምሕረቱን ያምጣላቸው። ከልቤ ነው።

እኔ ተማሪ ነኝ። ከክፍል ውጪ በብስክሌት ምግብ አደርሳለሁ። ስለዚህ የምትወቅሱት ሰው እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። የእኛንም ወገን ስሙት ብዬ ነው።

ማንም ደስ ብሎት እግረኛ መንገድ ላይ አይወጣም። ብስክሌት መንገድ የተባለው ቀለም ላይ ባጃጅ ቆሞ ሰው ይጭናል። ከባጃጁ ቀጥሎ ጀበና ቡና አለች፣ ወንበሮቿ ወጥተዋል። ቀጥሎ አሸዋ ተደፍቷል። ወደ አስፋልቱ ስወጣ አይሱዙ ከኋላዬ ክላክስ ይለቅብኛል። ባለፈው ዓመት ከቆመ ባጃጅ በሩ ላይ ያለችውን ሸራ ገልጦ አንድ ሕፃን ዘሎ ወረደ። እሱን ላድን ብዬ ወደ አስፋልቱ ሳጥፍ ሚኒባስ በክንዴ ልክ አለፈኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ለአንድ ወር ያህል እግረኛ መንገድ ላይ ነው የነዳሁት። ፈርቼ ነው።

አዲሱን የአባይ ድልድይ ደግሞ እዩት። ግንቦት 2016 ሲመረቅ በጣም ነበር የተደሰትኩት። ለእግረኛ ለብቻ፣ ለብስክሌት ለብቻ ተለይቶለታል። 380 ሜትር ነው፣ ሜዳ ነው፣ ለነጂ እንደዚያ የሚመች ቦታ የለም። ግን ማታ ማታ ሰው ፎቶ የሚነሣው የት ቆሞ ነው? የብስክሌቱ መስመር ላይ። ሙሽራ ሳይቀር። ደወል ስደውል "ቆይ እንጂ" ይሉኛል።

ይህን ስል ግን የእናትሽን ነገር ማሳነሴ አይደለም። በሁለት ሰው መሃል መሹለክ ምንም ምክንያት የለውም። እኔም አድርጌዋለሁ። ሰው ስለማይወድቅ ብቻ ነው ምንም እንዳልተፈጠረ የቆጠርኩት። ዛሬ ጽሑፍሽን ካነበብኩ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሾለክሁ እያሰብኩ ነው።

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)

አንተ ወንድሜ፣ በእውነት ስለተናገርክ አመሰግንሃለሁ። ባጃጁና ቡናዋ እውነት ነው። እኔም በየቀኑ የማልፈው እዚያው ነው። ግን አንድ ነገር ልበልህ። መኪናው አንተን ሲያስፈራራህ የተሰማህ ስሜት አለ አይደል? እናቴ የተሰማት ያው ስሜት ነው። ባንተ ላይ የደረሰውን ነው ያ ልጅ ለሷ ያቀበላት። ፈርተህ እግረኛ መንገድ ላይ መውጣትህን አልጠላም። ከወጣህ ግን በእግረኛ እርምጃ ሂድ። ያም ካስቸኮለህ ውረድና ግፋው። ትእዛዝ ስታደርስ ስንት ደቂቃ ይሰጡሃል?

ፖሊ ግቢ

ደቂቃው የተጻፈ አይደለም። ደንበኛው ሲዘገይ ይደውላል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴ አልፈልግም ብሎ ይመልሰዋል። ኪሳራው የእኔ ነው። ግን ከሐይቁ ዳር ያለችው ቁራጭ ብገፋት ከአራት ደቂቃ አትበልጥም። ዛሬ ለካኋት።

ዱላዬን ይዤ

እኔ ማየት የተሳነኝ ሰው ነኝ። እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተምሬ እዚሁ እሠራለሁ። ስልኬ እያነበበልኝ ነው የተከታተልኳችሁ።

መኪና አያስፈራኝም። ድምፁን እሰማለሁ፣ ርቀቱን አውቃለሁ። ባጃጅም እንደዚያው። ብስክሌት ግን ነፋስ ነው። ጎኔን ሲነካኝ ነው መኖሩን የማውቀው። ነጭ ዱላዬ ሁለት ጊዜ ቸርኬ ውስጥ ገብቶ ተሰብሯል። ነጂው አንደኛው ጊዜ ዋጋውን ከፈለኝ። ሁለተኛው ጊዜ ማን እንደነበረ እንኳን አላወቅሁም።

ስለ ደወል አንድ ነገር ልጨምር። የመምህርቷ አባት ትክክል ናቸው። ከሩቅ ሲደወል እኔ ሁለት ነገር አውቃለሁ። ብስክሌት እንዳለ፣ ከየትኛው ወገን እንደሚመጣም። ጀርባዬ ላይ ሲደወል ግን የማውቀው መደንገጥ ብቻ ነው። የደነገጠ ሰው ወዴት እንደሚዘል እሱም አያውቀውም። ብዙ ጊዜ ሁለታችንም ወደ አንድ ወገን እንዘላለን።

ከደወል የሚሻለኝ ግን የሰው ድምፅ ነው። አንድ ሰው አለ፣ ፊቱን አላውቀውም፣ ጠዋት ጠዋት በፓፒረስ በኩል ሳልፍ "ጋሼ፣ በግራዎ አልፋለሁ" ይለኛል። እኔ ባለሁበት ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ። እሱ ያልፋል። "እሺ፣ ደህና ዋል" እለዋለሁ። ስሙን አላውቅም፣ ግን ወዳጄ ነው። ቅዳሜና እሑድ የማይመጣ ስለሆነ የቢሮ ሰው ይመስለኛል።

ሌላ አንድ ልመና። ስታቆሙት ብስክሌታችሁን እግረኛ መንገዱ መሃል አታጋድሙት። ግድግዳ አስደግፉት። ፔዳሉ ጉልበት ልክ ላይ ነው የሚመታው።

የማርቆስ ሰው

እኛ ደብረ ማርቆስ ዳገት ስለሆነ ብስክሌት ብዙ አይታይም። ችግራችን ሞተር ነው። ልጄ ሲመረቅ ወደ ባሕር ዳር መጥቼ ነበርና የታዘብኩትን ልበል። ዜብራ ላይ ቆሜ መኪናው በደንብ ቆመልኝ። እጄን አንሥቼ አመስግኜ ስገባ ሁለት ብስክሌት ግራና ቀኜን አለፉ። ሰማያዊ ጋቢዬን ነፋሳቸው አነሣው። ባለመኪናው ራሱ ደንግጦ "አባቴ ተረፉ!" አለኝ። ዜብራ ሲባል ለብስክሌትም መሆኑን የሚያስተምር ሰው አለ እንዴ? ልጆቹ የሚያውቁት አልመሰለኝም።

አንድ ነዋሪ

ወሬ አያስፈልግም። ትራፊክ ይያዛቸው፣ ብስክሌቱ ይወረስ። ሁለት ሳምንት ብቻ ይደረግና ሁሉም ይስተካከላል።

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)

ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። እኔም የመጀመሪያው ቀን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ እንደዚያ ነበር ያልኩት። ግን የሚወረሰው የማን ብስክሌት ነው? ክፍሌ ውስጥ ከዘንዘልማ በኩል የሚመጣ ልጅ አለ። ብስክሌቱ ከሌለው ትምህርት ያቆማል። ጠዋት ወተት የሚያመላልሰውም፣ ዳቦ የሚያከፋፍለውም አለ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዙት እነሱ ናቸው። ሰው ገጭቶ የሚሄድን ሰው ሕግ ይጠይቀው፣ ይህን አልቃወምም። ማታ ያለ መብራት፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዳውን ትራፊክ አስቁሞ ይቅጣው፣ እደግፋለሁ። ሁሉን በአንድ ገመድ ማሰር ግን አይሆንልኝም።

ከጣና ማዶ

ከኔዘርላንድ ነው የምጽፈው፤ ኡትሬክት ነው የምኖረው። የባሕር ዳር፣ የሰፈነ ሰላም ሰፈር ልጅ ነኝ።

እዚህ አገር ከሰው ይልቅ ብስክሌት ይበዛል። ስመጣ "እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ ብስክሌት ማን ያስተምረኛል" ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ትልቅ ሴትዮ መንገድ ላይ አስቁማ ተቆጣችኝ። ስትታጠፍ እጅህን አልዘረጋህም ብላ ነው። አሮጊቷ በብስክሌት ላይ ነበረች፣ ከእኔ ፈጥና!

ሕጋቸውን ልንገራችሁ። ደወል ግዴታ ነው። ማታ ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ግዴታ ነው። ስልክ ይዞ መንዳት ከሐምሌ 2019 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ተከልክሏል። ሲጀመር ቅጣቱ 95 ዩሮ ነበር። ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን ሊጨርሱ ሲሉ በትምህርት ቤት የብስክሌት ፈተና ይፈተናሉ፤ ወረቀት ላይም፣ መንገድ ላይም። ጎረቤቴ ልጇ ሲያልፍ ኬክ ቆርሳ አበላችን።

ነገር ግን ፖሊ ግቢ ያለው ልጅ የተናገረውም እዚህ ይታያል። እዚህ ለብስክሌት የተለየ መንገድ ላይ መኪና አቁሞ ቡና የሚጠጣ ሰው የለም። ቦታው ስለተጠበቀለት ነው ነጂው ከእግረኛው መንገድ የሚወርደው። መምህርት ስለሆንሽ ግን፣ እህቴ፣ መንገድ እስኪጸዳ አትጠብቂ። ፈተናውን ከክፍልሽ ጀምሪው።

ፖሊ ግቢ

ስለ እጅ መዘርጋት የተባለውን ወድጄዋለሁ። እኛ ከተማ ሲታጠፍ እጅ የሚዘረጋ ሰው ካያችሁ ጥሩልኝ፣ እንተዋወቃለን። እኔ ከዛሬ ጀምሬያለሁ። ባጃጆቹ ሰላም ያልኳቸው መስሏቸው እጅ ያነሡልኛል።

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእናቴ ጀሶ ገና አልወጣም፣ ጣቶቿን ግን ታንቀሳቅሳለች። ማግ ወደ መፍተሏ ልትመለስ ፈልጋ ከልክለናታል።

ያላችሁኝን ይዤ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው ሐሙስ ስድስተኛ ክፍሎችን ብስክሌት ያላችሁ ነገ ይዛችሁ ኑ አልኳቸው። 11 ብስክሌት መጣ። ሜዳው ላይ አሰለፍናቸው። ጋሼ ጠጋኙ የጻፉትን ፈተና አንድ በአንድ አደረግን። 4ቱ አልያዙም። አንደኛው የዚያ ከዘንዘልማ በኩል የሚመጣው ልጅ ነው። እንዴት ነው የምታቆመው ስለው ጫማውን አሳየኝ። የቀኝ ጫማው ሶል መሃሉ ላይ አልቋል። ያን ያህል መንገድ በየቀኑ በዚያ ጫማ ነው የሚመጣው። ይህን ሳላውቅ ዓመቱ ሊያልቅ ነበር።

ከዚያ ሜዳው ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርን። ቀስ ብሎ መጥቶ ያዘ፣ ፈጥኖ መጥቶ ያዘ። የቆመበትን ቦታ በእርምጃ ለኩ። ልጆቹ ልዩነቱን ሲያዩ ጮኹ። አንዲት ተማሪዬን ዓይኗን በሻሽ አስሬ ሜዳው ላይ አስኬድኳት። አንዱ ልጅ ዝም ብሎ ከኋላዋ በብስክሌት አለፋት፣ ራቅ ብሎ። ሌላው ከሩቅ ደውሎ፣ ቀጥሎ "በግራሽ አልፋለሁ" ብሎ አለፈ። "የመጀመሪያው አስለቀሰኝ" አለች። ሌሎቹ ሁሉ እኔም እኔም ብለው ሻሹን ተቀባበሉት። ዱላዬን ይዤ ያሉት ወንድሜ፣ ይህን ከእርስዎ ነው የተማርነው። ፈቃድዎ ከሆነ አንድ ቀን ክፍላችን መጥተው ቢያናግሯቸው ትልቅ ደስታ ነው።

እሑድ ደግሞ እናቴን ይዤ በሐይቁ ዳር ሄድን። እምቢ ብላ ነበር፤ እኔ ከጎንሽ ነኝ ብያት ነው። ብስክሌቴን በግራዬ እየገፋሁ፣ እሷን በቀኜ። ሁለት ብስክሌት ከኋላ መጣ። አንዱ ደወለ፣ አንዱ አልደወለም። ባልደወለው ጊዜ ክንዴን ጨበጠችው፣ ጥፍሯ ተሰማኝ። ግን ቤት እስክንገባ አልተመለሰችም። ዘንባባው ጋ ቆማ ሐይቁን አየች።

የባጃጁን ነገር ለወረዳው በጽሑፍ አስገብቻለሁ። የቆሙበትን ቦታ ፎቶ አንሥተው የሰጡኝ ሁለት ወላጆች ናቸው። መልስ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።

ጋሼ ጠጋኙ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልለምን። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አራቱን ብስክሌት ከነባለቤቶቻቸው ይዤ ልመጣ አስቤያለሁ። የፍሬን ጎማና ካቦ ገንዘቡን መምህራን አዋጥተናል። ይመችዎታል?

ጠጋኙ

ኑ። እኔ ከ2 ሰዓት ጀምሮ አለሁ። የምፈታው እኔ አይደለሁም፣ ልጆቹ ናቸው፤ 10 ቁጥር መፍቻ አራት አለኝ። የእጅ ዋጋ አልቀበልም። ያን ጫማው ያለቀውን ልጅ መጀመሪያ አስገቢልኝ።